በሒሳብ ላይ የተላከ ሽማግሌ

እኔን ለጋብቻ ብሎ ሽማግሌ የላከ ወንድ እስካሁን የለም። ሽማግሌ የተላከብኝ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ላኪው የገዛ አባቴ ሲሆን ጉዳዩም ከሒሳብ ትምህርት እንድለይ ነበር። ቀልድ የመሰላችሁ ካላችሁ፣ ከሦስቱ ሽማግሌዎች ሁለቱ ዛሬም በሕይወት ስላሉ ማንኩሳ ወርዳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። የሚነግሯችሁ ግን እነሱ እንዳሸነፉ አድርገው ነው።

ያኔ ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ቤተሰቦቼ ከማንኩሳ ግማሽ ሰዓት በእግር በሚያስኬድ መንደር በቆሎና ጤፍ የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። እኔ ፍኖተ ሰላም ላይ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ጠባብ ክፍል ተከራይቼ መሰናዶ እማር ነበር። ጊዜው ልማት የሚለው ቃል ከሰላምታ ቀድሞ የሚመጣበት ጊዜ ነው። ተማሪውም አንድ ለአምስት ተደራጅቶ ይማር ተብሎ እኔ የአምስት ልጆች መሪ ሆኜ ነበር። ሥራዬ በየሳምንቱ "ተወያይተናል" ከሚል ወረቀት ሥር መፈረም ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ተወያይተን አናውቅም፤ ሪፖርታችን ግን ሁልጊዜ የተመሰገነ ነበር።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ክረምቱ ሊወጣ ሲል መጣ። ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ ከመቶ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይማር የተባለበት ዘመን ስለነበር፣ ለእኛ ለሳይንስ ተማሪዎች ዕድሉ ሰፊ ነው ይሉን ነበር። ስፋቱ አንድ ወረቀት ላይ የተደረደሩ ጥቂት ሣጥኖች ናቸው። ኢንጂነሪንግ፣ ሕክምናና ጤና፣ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ግብርና ይላል፤ እናንተ በየሣጥኑ አንደኛ፣ ሁለተኛ እያላችሁ ቁጥር ትጽፋላችሁ። ሒሳብና ስታትስቲክስ ከፊዚክስና ከኬሚስትሪ ጋር የተፈጥሮ ሳይንስ በሚለው ሣጥን ውስጥ ታጭቀዋል። የክፍሌ ልጆች በዚያ ሣጥን ላይ የመጨረሻውን ቁጥር የሚጽፉት ሳያዩት ነበር።

የእኔ ጣጣ ውጤቴ ማማሩ ነው። ዝቅ ቢል ኖሮ የትም ብገባ ማንም ዞሮ አያየኝም ነበር። ሕክምና የሚያስገባ ውጤት አምጥታ "ሒሳብ ልማር ነው" የምትል የገበሬ ልጅ ግን መንደሩን ሁሉ ያስጨንቃል።

ሒሳብን ያስወደደኝ መምህር ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው ነው። ነጭ ጋውኑ በጠመኔ ብዛት የዱቄት ነጋዴ ያስመስለዋል፤ ጫማውም ከአንድ ወገን አፉን ከፍቶ ነበር። "ቲቸር፣ ይሄ ለምን ይጠቅማል?" ብለን ስንጠይቀው "ለምንም" ብሎ መጻፉን ይቀጥላል። እኔ እዚያ ሰሌዳ ላይ ያገኘሁት ነገር ሌላ ቦታ አልነበረም። ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ልክ የሚሆነው መድረክ ላይ ያለው ሰው ስላለው ነው። በመምህር ሰይድ ሰሌዳ ላይ ግን እሱ ራሱ ሲሳሳት የኋላ ወንበር ላይ ያለ ልጅ እጁን አውጥቶ ያስጠፋዋል። ይሄ በጣም ደስ ይለኝ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አባቴ ደግሞ ሐኪም እንድሆን የሚፈልግበት የራሱ ምክንያት ነበረው። አንድ ጊዜ ጉልበቱን ታሞ ጤና ጣቢያ ሲሄድ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ በዱላው ጫፍ ደረቱን ገፋ አድርጎ "ተሰለፍ" አለው። እዚያው ቆሞ እያለ ነጭ ጋውን የለበሰች አንዲት ወጣት መጣች፤ ጥበቃው ብድግ ብሎ በሩን ከፈተላት። አባቴ ያን ቀን ወደ ቤት ሲመለስ ስለ ጉልበቱ አንዳች አልተናገረም። የተናገረው ስለ ጋውኑ ነው። ከዚያ ወዲህ የእኔን ዕጣ ፈንታ ነጭ አድርጎ ቆረጠው።

እሑድ ቤት ሄጄ ሒሳብ ልማር እንደሆነ ስነግረው ዝም አለ። አባቴ ዝም ካለ አንድ ነገር እያሰናዳ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ትምህርት ቤት ተጠራሁ። ፎርሙ ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት መግባት ስላለበት ግቢው በተማሪ ተሞልቷል። ርእሰ መምህሩ ቢሮ ደጃፍ ስደርስ ሦስት ሰዎች ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ጭቃ የበላ ጫማ አድርገው፣ በቁመት ቅደም ተከተል የተሰለፉ መስለው ቆመዋል። መሀል ላይ ያሉት የደብራችን ሊቅ አለቃ ይባቤ ናቸው። በቀኝ የጎረቤታችን አያ ስንሻው፣ በግራ የቀበሌያችን ሊቀመንበር አቶ ጫኔ። 

ርእሰ መምህሩ አቶ ቢያድግልኝ ከወንበሩ ተነሥቶ "ግቡ አባቶች፣ ቁጭ በሉ" ይላል።

"አንቀመጥም" አሉ አለቃ፣ ገብተው እንደቆሙ። "ጉዳያችን ሳይፈጸም ሽማግሌ አይቀመጥም።"

አቶ ቢያድግልኝ ያልተዳረች ሴት ልጅ ስላለችው ፊቱ ወየበ። እኔን ሲያይ ግን ጉዳዩ ገባውና ትንፋሹ ተመለሰ። ከእሱ ቤት ሙሽራ ሳይሆን ከእሱ ቢሮ ሕክምና ሊጠይቁ እንደመጡ አለቃ በእርጋታ ነገሩት። "ልጂቱ ይታይሽ የአያ ታከለ ልጅ ናት። እግዜር ጭንቅላት ሰጥቷታል። ሐኪም ያርጉልን ብለን በደጅዎ ቆመናል።"

"አባቶቼ፣ ምደባው እኮ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። እኔ ፎርም ከመሰብሰብ በቀር ሥልጣን የለኝም" አለ አቶ ቢያድግልኝ።

"አዲስ አበባማ ሩቅ ነው" አሉ አለቃ። ሰውየው ሥልጣን የለኝም ማለቱን እንደ ትሕትና ቆጥረውለታል። ለሽማግሌ መጀመሪያ እንቢ ማለት ወግ ስለሆነ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። አያ ስንሻው "እንዲያ ነው" አሉ። ያን ቀን ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

አቶ ጫኔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጉዳዩ ከሰባ ሠላሳው አንጻር ሲታይ ሐኪም የማፍራት ልማታዊ ግዴታ አለብን።"

እንዲህ ቆመው አርባ ደቂቃ ሄደ። ከውጭ የሚያዩን ተማሪዎች የርእሰ መምህሩ ልጅ ተጠየቀች ብለው ወሬውን እስከ መናኸሪያ አድርሰውታል። በመጨረሻ አቶ ቢያድግልኝ ጥፋቱን የሚያሸክመው ሰው ፈለገና "ይሄን ሒሳብ የሚባል ነገር ጭንቅላቷ ውስጥ የከተተው መምህር ሰይድ ነው" ብሎ አስጠራው።

መምህር ሰይድ ጋውኑን እንደለበሰ መጣ። አለቃ ከላይ እስከ ታች አዩትና ዓይናቸው አፉን በከፈተው ጫማ ላይ ቆመ።

"መምህር፣ ሒሳብ የተማረ ምን ይሆናል?"

"እኔን ይሆናል" አለ መምህር ሰይድ።

አቶ ጫኔ ሳቁ። አቶ ቢያድግልኝም ሳቀ። እኔ መሬቱን አየሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በመምህሬ ያፈርሁት ያኔ ነው፤ በማፈሬም ዛሬ ድረስ አፍራለሁ።

መምህር ሰይድ ግን የተቀየመ አይመስልም። "አለቃ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ፋሲካ የሚውልበትን ቀን ለደብሩ የሚያወጣ ማነው?"

"እኔ ነኝ። አርባ ዓመት።"

"ይታይሽ የምትመረቀው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ያን ዓመት ፋሲካ መቼ ይውላል?"

አለቃ መቋሚያቸውን በብብታቸው ሸጎጡ። የግራ እጃቸውን አውራ ጣት በጣቶቻቸው አንጓ ላይ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ያሯሩጡት ጀመር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ወሩንም ቀኑንም ተናገሩ። እኔ ጣታቸውን አላየሁም፤ የማየው ፊታቸውን ነበር። እኒያ በቁጣቸው የምንፈራቸው ሰውዬ ማር የቀመሱ መስለው ነበር።

"እንዴት እንዳወጡት ይንገሩኝ፤ እኔ ልጻፈው" አለ መምህር ሰይድ። ወረቀት ሲፈልግ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትልቅ ማኒላ አወረደ። የትምህርት ቤቱ የዕቅድ አፈጻጸም ነው፤ ሁሉም ነገር መቶ በመቶ፣ አንዱማ መቶን አልፎ ከወረቀቱ ጠርዝ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። አቶ ቢያድግልኝ "እሱ ሰነድ ነው" ቢልም መምህር ሰይድ ገልብጦ በጀርባው ላይ ጀመረ።

አለቃ ይናገራሉ። የዓለሙን ዘመን በዐሥራ ዘጠኝ ይገድፉታል፤ ማለት ዐሥራ ዘጠኝ ዐሥራ ዘጠኙን እየጣሉ የቀረውን ይይዛሉ። የቀረውን በዐሥራ ዘጠኝ አብዝተው በሠላሳ ይገድፋሉ። አሁን የቀረው መጥቅዕ ይባላል። የዋለበትን ዕለት አይተው ተውሳኩን፣ ማለት ለዕለቱ የተመደበውን ቁጥር፣ ሲደምሩበት የነነዌ ጾም መግቢያ ትወጣለች። "ነነዌ ከተያዘች ፋሲካ የት ያመልጣል" አሉ።

መምህር ሰይድ ሁሉንም በፊደልና በምልክት ጻፈው፤ እኔም አንገቴን አስግጌ አብሬው እቆጥራለሁ። መጨረሻ ላይ ያገኘው ፋሲካ ግን ከአለቃ ፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መጣ።

"የመምህሩን እንያዝ፤ ከጾሙ ቶሎ ይገላግለናል" አሉ አቶ ጫኔ።

"ጾሙም አብሮ ቀድሞ ይገባል፣ አንተ ሰው" አሏቸው አለቃ። ከዚያ ወደ ማኒላው ጠጋ ብለው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አዩና "ለዘመኑ አንድ አላጎደሉም" አሉ።

"አልነገሩኝም እኮ።"

"ይሄ ይነገራል እንዴ? የያዝነው ዘመን ገና አልተፈጸመም። ያልተፈጸመውን ተፈጸመ ብለው ከቆጠሩ የሚመጣው ሁሉ ውሸት ነው።"

አቶ ቢያድግልኝ አሳለው። አቶ ጫኔም መስኮቱን ማየት ጀመሩ። የወረቀቱን ፊት ሁላችንም አንብበነዋል።

መምህር ሰይድ አንድ አጉድሎ እንደገና ሠራው፤ ሁለቱ ፋሲካዎች አንድ ቀን ላይ ዋሉ። "አለቃ፣ ይሄ እርስዎ የሚያውቁት፣ ልጂቱ ልማር የምትለው ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርሁት ይህንኑ ነው" አለ። እኔ በቃ ተሸነፉ ብዬ በውስጤ ጨፈርሁ።

አለቃ ግን ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሰብሰብ አድርገው እኔን አዩኝ። "እንግዲያው ይበልጥ አትማሪው። እኔ ይህን አርባ ዓመት ሳውቅ ኖሬያለሁ። በዓመት አንድ ቀን፣ ጾሙ ሊገባ ሲል፣ ሰው ሁሉ አለቃ አለቃ ይለኛል። በሌላው ቀን ደህና አደሩ የሚለኝም የለ። የአንቺ ዕድል እንደኔ አይሁን። ሐኪም ሁኚ፣ ልጀ።"

መምህር ሰይድ ጫማውን አየ። ሦስቱም ሽማግሌዎች እኔን ይጠብቃሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመዋል፤ የአያ ስንሻው ጉልበት ይንቀጠቀጣል። "እሽ" አልሁ። በሽማግሌ ፊት እሽ ማለት በእኛ አገር ፊርማ ነው። ያኔ ተቀመጡ፤ አለቃም መረቁኝ። አሜን እያልሁ አለቀስሁ፤ እነሱ የደስታ መስሏቸዋል።

ከሰዓት በኪራይ ክፍሌ ተቀምጬ ፎርሙን ማየት ስላልቻልሁ ደብተር አወጣሁ። መጥቅዑን ለሚቀጥለው ዓመት፣ ከዚያ ለሚቀጥለው፣ ከዚያም ለሚከተለው እያልሁ አወጣሁ። ለእያንዳንዱም አንድ አጎደልሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስደርስ ዝርዝሩ ከመጀመሪያው ጀመረ። ማንም ያልነገረኝን ነገር ራሴ አየሁት። ሐኪም ልሆን ቃል በሰጠሁበት ቀን ያን ያህል ደስ መሰኘቴ ደግሞ መልሶ አስለቀሰኝ።

ሐሙስ ጠዋት ማንኩሳ ወረድሁ። አለቃ ጓሯቸው ውስጥ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ የዝናቡ ውኃ ወደ ቤት እንዳይገባ በዶማ ቦይ እየቀደዱ አገኘኋቸው።

"ምነው? ሞተ የምትይኝ ሰው አለ?" አሉ።

"የለም። ቃሌን እንዲመልሱልኝ ነው የመጣሁ።"

ዶማቸውን ተመርኩዘው ቀና አሉ። ደብተሩን ሰጠኋቸው። በጭቃ እጃቸው እንዳይነኩት እኔ እየገለጥሁ፣ እሳቸው በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ ዐሥራ ዘጠኙንም ዓመት አረሟቸው። አንድም ስሕተት አላገኙም። ስሕተት ያጣ መምህር ደስ አይለውምና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

"ማን አስተማረሽ?"

"ትናንት እርስዎ ቢሮ ውስጥ ሲናገሩ ሰማሁ።"

"እኔ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል" አሉ። ከዚያ እኔን ሳያዩ፣ ቦዩን እያዩ ተናገሩ። "ትናንት የተናገርሁት እውነት ነው። ግን አንድ ነገር አስቀርቻለሁ። ቁጥሩ ሲወጣልኝ ደስ እንደሚለኝ አልተናገርሁም። ሽምግልና ላይ የሚባል አልመሰለኝም።"

"እኔንም ደስ ይለኛል፣ አለቃ።"

"አይቻለሁ። ትናንት ከመምህሩ ጋር ስትቆጥሪ ፊትሽ ተናግሯል።" ዶማቸውን አስቀመጡ። "እኔ ብፈታሽ አባትሽ አይፈታሽም። ሽማግሌ ያስፈልግሻል።"

"በአንድ ቀን ከየት አመጣለሁ?"

"ሦስት አሉልሽ" አሉ አለቃ።

ከሰዓት አባቴ ከማሳ ሲመለስ፣ በእኔ ላይ የላካቸው ሦስት ሰዎች ያንኑ ጋቢ አጣፍተው በገዛ ደጁ ላይ ቆመው አገኛቸው። ዝናብ እየጣለ ነው። እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርሁ።

"ምነው? አልሰጡም እንዴ?" አላቸው።

"ሰጥተዋል፤ ልጂቱም እሽ ብላለች" አሉ አለቃ።

"ታዲያ ግቡና ተቀመጡ እንጂ።"

"አንቀመጥም። አሁን የመጣን ከልጂቱ ተልከን ነው።"

አባቴ ከአንዱ ወደ አንዱ አየ። "እናንተ የማን ሽማግሌ ናችሁ?"

"ትናንት ያንተ ነበርን" አሉ አለቃ። "ዛሬ የሷ ነን። ሒሳብ ትማር ፍቀድላት ብለን በደጅህ ቆመናል።"

አቶ ጫኔ በዝናቡ መሀል እንኳ መመሪያውን አልረሱም። "ሁለቱም ሰባው ውስጥ ናቸው። የምንጥሰው ነገር የለም።"

አባቴ ሞፈሩን ጥግ አስደግፎ እጁን በቁምጣው ጠረገ።  "እኔ እኮ ለሷ ብየ ነው። ከዚያ በር ላይ እንደኔ እንዳትቆም ብየ ነው። ያችን ልጅ ጥበቃው ተነሥቶ ሲያሳልፋት አይቻለሁ። የኔ ልጅ በምኗ ታንሳለች?"

 ወጥቼ እግሩ ላይ ልወድቅ፣ ሕክምናም ልማር ቆርጬ ነበር። በእውነት እላችኋለሁ፣ እጄ በሩን ይዞ ነበር።

"ታከለ" አሉ አለቃ። "የሒሳቡ መምህርም ነጭ ጋውን ይለብሳል። በዓይኔ አይቻለሁ።"

አባቴ ቀና አለ። "እስከ ጉልበት የሚደርሰውን?"

"እስከ ጉልበት።"

አባቴ አሰበ። በመጨረሻ ነገሩን የቋጩት ረቡዕ ሙሉ ቀን "እንዲያ ነው" ብቻ ሲሉ የዋሉት አያ ስንሻው ናቸው። "አያ ታከለ፣ እኔ ትናንት ቆሜ ጉልበቴ አልቋል፤ ዛሬ ደግሞ ዝናብ ይመታኛል። ሦስተኛ ጊዜ የሚልከን ሰው ሳይመጣ ፍቀድና እንቀመጥ።"

አባቴ ፈቀደ። ሽማግሌ ልኮ ያስጨነቀ ሰው ራሱ ሽማግሌ ሊመልስ አይችልማ። አለቃ በሁለት ቀን ሁለት ጊዜ፣ በሁለት የተለያየ ጉዳይ፣ በዚያው በአንድ ቃል መረቁኝ።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ፎርሜን ሰጠሁ። አቶ ቢያድግልኝ ተቀብሎ አየና "ተሳስተሻል፣ አንደኛ ብለሽ የጻፍሽው የተፈጥሮ ሳይንስ ላይ ነው" አለኝ። ማኒላው ወደ ግድግዳው ተመልሶ ነበር፤ መቶ በመቶው ወደ እኛ፣ ልኩ ወደ ግድግዳው ዞሮ።

ዩኒቨርሲቲ ገብተን ትምህርት ክፍል ከተመደብን በኋላ ኃላፊው የመጀመሪያ ቀን ክፍሉን ቃኝቶ "ሒሳብን ወዶ የመጣ?" ብሎ ጠየቀ። እጄን ያወጣሁ እኔ ብቻ ነበርሁ። የቀሩት ሌላ ነገር ሞልተው ትርፍ ተብለው የተወረወሩ ናቸው፤ ከፊት የተቀመጠው ልጅ ያለቅስ ነበር። ኃላፊው እኔን እንደ ታማሚ አየኝና "ምን ሆነሽ ነው?" አለኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ልጆቻችሁ ፎርም ሊሞሉ የደረሱ ወላጆች ካላችሁ፣ የምነግራችሁ ጥቂት ነው። ልጃችሁ ምን እንደምትሆን አትጠይቋት። ምን ስትሠራ ጊዜው እንደሚጠፋባት ጠይቋት፤ ካልነገረቻችሁም ስትቆጥር ፊቷን እዩ። እኔ ዛሬ ያንኑ ሒሳብና ስታትስቲክስ አስተምራለሁ፤ ዳታ ሳይንስ የሚል አዲስ ካባ ስለደረበ አሁን ሰው ሁሉ ይጋፋበታል። ባለፈው ዓመት ስልኬ ጮኸና ሳነሣው አቶ ቢያድግልኝ ነው። ትንሽ ልጁ ዳታ ሳይንስ ልማር ብላለች፣ አንቺ ዘንድ የምታግዢን ነገር ይኖር ይሆን አለኝ። ምደባው አዲስ አበባ እንደሚሠራ፣ እኔ ሥልጣን እንደሌለኝ ነገርሁት። እንደ ትሕትና ቆጥሮልኝ መለመኑን ቀጠለ። "እንግዲያው ሽማግሌ ይላኩ" አልሁት።

የአባቴን ነገር ሳልነግራችሁ አልቋጭም። ተመርቄ ረዳት መምህር በሆንሁ በመጀመሪያው ክረምት ቤት ስሄድ ጉልበቱ ብሶበት ነበር። ጤና ጣቢያ ልወስደው ስነሣ "ነጩን ልበሽው" አለኝ። እጅጌው ላይ ጠመኔ ያለበትን ጋውኔን ለበስሁ። በሩ ላይ ያው ጥበቃ አለ፤ ትንሽ ሸብቷል። ሲያየኝ ብድግ ብሎ "ዶክተር፣ ይግቡ" አለና በሩን ከፈተ። አባቴ ይህችን ደቂቃ ስንት ዓመት እንደጠበቃት አውቃለሁ። መግባት ብቻ ነበር የቀረው። እሱ ግን ቆመ።

"ዶክተር አይደለችም" አለው። "ሒሳብ ናት።"

ጥበቃው እኔን አየ፤ ጋውኑንም አየ። በሩን መልሶ ዘጋና "እንግዲያው ተሰለፉ" አለ።

ተሰለፍን። አባቴ ቅር አላለውም፤ እንዲያውም ደረቱን ነፍቶ ቆመ። "መቼ እንደርሳለን?" አለኝ። ከፊታችን ያሉትን ሰዎችና አንዱ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ አይቼ "ስድስት ሰዓት ሳይሞላ" አልሁት። ከፊቱ ወዳለው ሰው ዞሮ "ስድስት ሰዓት ሳይሞላ እንገባለን፤ ልጀ ቆጥራዋለች" አለው። ሰውየውም ለፊተኛው አስተላለፈ፤ ሰልፉ ሁሉ ሰማ።

የገባን ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ስሌቴ ልክ ነበር፤ የጥበቃው የአክስት ልጅ ከመሀል እንደሚገባ ግን አልደመርሁም።